የተጠቃሽነት ልክ፦ ከዶክተር አሕመዲን ጀማል ሥራ ምን እንማራለን?



በካንሰር ላይ የተጻፈ የምርምር ጽሑፍ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብታነቡ፣ በአብዛኛው የምታገኙት ቁጥር ነው። በዓለም ላይ በዓመት ይህን ያህል ሰው በካንሰር ይያዛል፣ ይህን ያህሉም ይሞታል ይላል። የቁጥሩን ማጣቀሻ ስትከታተሉ ደግሞ «ጀማል» የሚል ስም ደጋግሞ ይገጥማችኋል። ባለቤቱ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አሕመዲን ጀማል ናቸው። የፈረንጆቹ የማጣቀሻ ልማድ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚወስድ፣ በዓለም ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠራው የአባታቸው ስም ነው።

ዶክተር አሕመዲን በሙያቸው መነሻ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ኋላ ወደ ኤፒዴሚዮሎጂ ተሻግረው በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ከ20 ዓመት በላይ አገልግለዋል። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው የሚያክሙ ሐኪም አይደሉም። ሥራቸው በሽታው በማን ላይ፣ የትና ለምን እንደሚበዛ መቁጠር፣ ማነጻጸርና መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በመጀመሪያ ደራሲነት ያወጡት የዓለም የካንሰር አኃዛዊ ዘገባ፣ በ2008 በመላው ዓለም 12.7 ሚሊዮን አዲስ ሕሙማንና 7.6 ሚሊዮን ሞት እንደነበረ ገመተ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የ2018 ዘገባ ቁጥሩን ወደ 18.1 ሚሊዮንና 9.6 ሚሊዮን አደረሰው። ዘገባዎቹ የሚወጡበት የማኅበሩ መጽሔት የ2020 ኢምፓክት ፋክተሩ ከ500 በላይ ነበር። ይህም በቀደሙት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ጽሑፎች በዚያ ዓመት እያንዳንዳቸው በአማካይ ከ500 ጊዜ በላይ ተጠቀሱ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ተጠቃሽነት ምን ይለካል? ፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ የተባለው መለኪያ አንድ ተመራማሪ ምን ያህል ጽሑፎቹ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ በአንድ ቁጥር ይነግረናል። ለምን እንደተጠቀሱ ግን አይነግረንም። የዓለም የካንሰር ዘገባ የሚጠቀሰው ሁሉም ጸሐፊ ንግግሩን የሚጀምርበት መሬት ስለሚያስፈልገው ነው። ከዚሁ ሰው ሥራዎች መካከል በጣም ያነሰ የሚጠቀስ ሌላ ጥናት ልጥቀስ። በ2018 የታተመው ይህ ጥናት በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች በሆኑ ጥቁርና ነጭ የጡት ካንሰር ሕሙማን መካከል ያለውን የሞት ልዩነት መረመረ። ከልዩነቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከጤና መድን ልዩነት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ የሰውዬውን ምሁራዊ ክብደት ይበልጥ የሚያሳየኝ ይህ ነው፤ ቁጥሩ እዚህ ጋ የንግግር መክፈቻ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ሆኗል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ሥራ ጀመረ። ከመዝገቡ የተገኘው የ2012 እና የ2013 የመጀመሪያ መረጃ በ2018 ሲታተም፣ ከደራሲዎቹ አንዱ ዶክተር አሕመዲን ነበሩ። ከተመዘገቡት ሕሙማን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ በሴቶች ዘንድ ቀዳሚው የጡት ካንሰር፣ ተከታዩ የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ከዓለም ዘገባዎቹ ጋር በማይነጻጸር መጠን ጥቂት ጊዜ ነው። ሆኖም ስለ ኢትዮጵያ በዓለም ዘገባ ውስጥ የሚሰፈረው ግምት የሚቆመው እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ነው።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕዝብን መሠረት ያደረገ መዝገብ የሚቆጥረው በክልሉ ነዋሪ የሆኑትን ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ምጣኔውን ለማስላት አካፋይ የሚሆነው የሕዝብ ቁጥር ትርጉም ያጣል። ከደዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ተነሥታ፣ ከሚሴ ላይ አውቶቡስ ይዛ፣ ለሕክምና አዲስ አበባ የደረሰችን አንዲት እናት አስቡ። ሐኪም ያያታል፣ ካርድ ይወጣላታል፣ ሕክምናም ትጀምር ይሆናል። በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ምጣኔ ውስጥ ግን አትገባም፤ ደንቡም ትክክል ነው። በትውልድ ቀዬዋ ደግሞ የሚቆጥራት የካንሰር መዝገብ ከሌለ፣ የትም አልተቆጠረችም። እኛ ጽሑፋችንን በሚሊዮኖች ስንከፍት፣ እርሷን የሚወክላት ከሌላ ሰው ሕይወት የተሰላ ግምት ነው።

ሙሉ መዝገብ ማቋቋም የፓቶሎጂ ምርመራ፣ የሠለጠነ ሰውና የዓመታት ክትትል ይጠይቃል። መነሻው ግን የካርድ ክፍል ነው። በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በደሴ ካርድ ክፍል የተቀመጠ ሠራተኛ «ፋጡማ አሕመድ» የሚለውን ስም ስንት ጊዜ እንደሚጽፍ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ስም ብቻውን ሰውን አይለይም፤ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ቀበሌ ያስፈልጋል። የልደት ዘመኗን የማታውቅ እናት በምታስታውሰው ዐቢይ ክስተት ትጠየቅ፤ ጥያቄውም በምትናገረው በአፋን ኦሮሞ ይቅረብላት። ዕጢው የት እንደተነሣ፣ በምን ምርመራ እንደታወቀ፣ ደረጃው ስንት እንደነበረም ይጻፍ። እነዚህ ካልተጻፉ አንዲቱ ሴት ሁለት ትሆናለች፣ ወይም ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ የትኛውም የስሌት ጥበብ ኋላ አያቃናውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ብዙ መጠቀስን አትናቁ፤ የአገራችን ልጅ በዚህ ረገድ የደረሱበት ከፍታ ያኮራል። ነገር ግን ከፍታው የቆመው ስማቸው በየትኛውም ማጣቀሻ በማይገኝ መዝጋቢዎች ትከሻ ላይ ነው። የመመረቂያ ጥናታችሁን ስትመርጡ፣ ሌላው የቆጠረውን ከመጥቀስ አልፋችሁ ያልተቆጠረውን ቁጠሩ። የአንድ ወረዳ የ3 ዓመት ካርድ በጥንቃቄ የሚያጣራ ተማሪ ምናልባት 5 ጊዜ ብቻ ይጠቀስ ይሆናል። ያቺ እናት ግን በሌላ ሰው ግምት መወከሏ ያበቃል።