ሌሊት ተረኛ የሚያድር ሐኪም ራት



ስለ ሙያችን እንዳወራ ነበር የተጋበዝኩት፤ እኔ ግን ስለ ራት ላውራ። እንግሊዝ አገር የምንሠራ ብዙ ነን፤ ከሌሊት ተረኝነት ስንወጣ የሚጠብቀን ቀዝቃዛ ሳንድዊች ነው። አርባን ተሻግረናል፤ ስኳርና ግፊት ደግሞ ሐኪም ናቸው ብለው አያልፉንም።

እንግሊዞች ኮቴጅ ፓይ የሚሉት ምግብ አላቸው። ፓይ ይባላል እንጂ ሊጥ የለበትም፤ የበሬ ሥጋ ላይ የተደቆሰ ድንች ተደርጎ ይጋገራል። በበግ ሲሠራ ሼፐርድስ ፓይ ነው፣ የእረኛ ማለት ነው።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋና 1 ኪሎ ገደማ ድንች ይበቃል። ሽንኩርቱንና ካሮቱን አቁላሉ፣ ሥጋውን ጨምሩና ቀይነቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ አብስሉት። የክትፎ ወዳጆች እንዳትቆጡኝ! ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል። ወጡ ወፈር ይበል፤ ከቀጠነ ድንቹ ይሰምጥበታል። ድንቹ ሲበስል ውሃውን አጠንፍፋችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣ ቆዩ፣ ከዚያ በቅቤና በትንሽ ወተት ደቁሱት። ላዩን በሹካ ሸንተር ሸንተር አድርጉት፤ ቡናማ ሆኖ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ኦቭን ውስጥ በ200 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት።

ጨው ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ የሾርባ ኩቡም ዎርስተር ሶሱም ጨዋማ ናቸው። በጾም እኔ በድፍን ምስርና በዘይት ነው የምሠራው፤ ከሥጋው የሚያንስ አይደለም።

የተረፈውን ሳይቆይ ፍሪጅ አስገቡት፣ በ2 ቀን ውስጥ ጨርሱት። ስታሞቁት እስከ መሀሉ ይጭስ። ሁለት የተረኝነት ሌሊት ያሳልፋችኋል።