ሐኪም ቤትና የግብር ቀጠሮ



ሐኪም ቤት የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሽተኛው፣ ስለ መሣሪያውና ስለ ሠራተኛው ነው። የግብር ቀን የሚታወሰው በመጨረሻ፣ አንዳንዴም ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ሐኪም ቤት የከፈተ ሰው ግን ይህን ቢዘነጋ ጉዳቱ ቀላል አይሆንም።

ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በንግድና በሙያ ሥራ ላይ የሚጥለው ግብር የሚሰላው በትርፍ ሳይሆን በጠቅላላ ገቢ ነው። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይም ሆነ የመድኃኒት ወጪ አይቀነስም። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ «ካላተረፍሁ የማስታውቀው የለም» የሚለው ሐሳብ ሰውን ያዘናጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ ያለፈው ዓመት ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ሐኪም ቤት በኤፕሪል ወር 50,000 ዶላር ተቀብሎ 52,000 ዶላር አወጣ እንበል። 2,000 ዶላር ከስሯል፤ ነገር ግን ከመቶ 1.5 ሒሳብ 750 ዶላር ግብር አለበት። በየወሩ የሚያስታውቅ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ሜይ 25 ነው። ያ ቀን ካለፈ ከመቶ 9 መቀጮ ይታከላል፤ ጁን 30 ካለፈ 19፣ ጁላይ 31 ካለፈም 29 ይደርሳል። ወለዱ ሳይቆጠር 750ው ዶላር 967.50 ሆነ ማለት ነው።

የሐኪም ቤት ሒሳብ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በጃንዩወሪ ለታከመ ሰው የመድን ድርጅቱ ገንዘቡን በማርች ሊልክ ይችላል። ሒሳቡን በእጁ በገባው ገንዘብ የሚይዝ ሐኪም ቤት ይህን የሚያስታውቀው ከማርች ገቢ ጋር ነው። ስለዚህ የሕክምናው ቀንና ገንዘቡ የገባበት ቀን ለየብቻ ካልተመዘገቡ፣ የማስታወቂያው ቀን ሲደርስ ትክክለኛው ቁጥር አይገኝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ገንዘብ በገባ ቁጥር የግብሩን ድርሻ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ ወሩ እንዳለቀ መዝገቡን መዝጋት፣ ለሥራው አንድ ኃላፊና ተተኪ መሰየም ይበቃል። መዛግብቱ ለ5 ዓመት ይጠበቁ፤ የሲያትል ከተማ ግብርም ለብቻው እንደሚቀርብ አይዘንጋ።

ሐኪም በሽተኛውን «በቀጠሮህ ቀን ተገኝ» ይለዋል። እርሱም ለግብሩ ቀጠሮ በቀኑ ከተገኘ፣ ለነርሷ ደመወዝና ለመድኃኒት የታሰበው ገንዘብ በመቀጮ አይባክንም።