ሌሊት መኪና እምቢ ሲል
(ከወርኃዊው ስብሰባ፣ የዕድሩ ፀሐፊ ካሰሙት ንግግር)



ባለፈው ኅዳር አንዲት እህታችንን በሌሊት ምጥ ሲይዛት የሆነውን ታውቃላችሁ። መኪናው ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ቁልፍ ሲዞር ግን ጠቅ ከማለት በቀር ምንም የለም። ሹፌሩ ለካ መብራቱን ሳያጠፋ ነው የገባው፤ ባትሪው ሞቷል። ወጣቶቹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እስከ ቁልቁለቱ ገፍተው አስነሱት፤ በሰላምም ተገላገለች። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከዚህ እስከ መቅደላ የጎተተ አገር ነውና መግፋቱስ አላቃተንም!

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አንዱ ባትሪውን አያለሁ ብሎ ክብሪት ጫረ። ጎረቤቶቼ፣ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል፤ አሲዱም ዓይን ያጠፋል። ከነካችሁ ቶሎ በብዙ ውሃ ታጠቡ።

ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የጉናን ብርድ ደግሞ ማን ይነግራችኋል። ማታ መብራትና ሬዲዮ መጥፋቱን እዩ።

ከሌላ መኪና ስታስነሱ ቮልቱ እኩል ይሁን፤ 24 ቮልት የጭነት መኪና ለ12ቱ አይሆንም። ቀዩ ገመድ ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ። ጥቁሩ ከደህናው ባትሪ ኔጌቲቭ ተነስቶ የሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይታሰር። መግፋት የሚሠራው ፍሪሲዮን ላለው መኪና ነው፤ አውቶማቲኩን መግፋት ከንቱ ድካም ነው።

ኮሚቴው ወፍራም ገመድ ገዝቶ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር አስቀምጧል። ቁልፉ እኔ ቤት ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ። ብቻ እንደ ሳህኖቹ በየቤቱ እንዳይቀር!