የአዋቂና የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች የእግር ጡንቻ ጥንካሬ፦ ንጽጽሩ ምን ያስተምረናል?



የጭን ጡንቻዎችን ጥንካሬ የምንለካው አይዞኪኔቲክ ዳይናሞሜትር በተሰኘ መሣሪያ ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ በተወሰነ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 60 ዲግሪ፣ ሲዘረጋና ሲታጠፍ የሚፈጠረው የማዞር ኃይል በኒውተን ሜትር ይመዘገባል።

በዚህ ልኬት አዋቂው ታዳጊውን ቢበልጥ አያስደንቅም፤ አካሉ ይገዝፋልና። ስለዚህ ውጤቱን ለሰውነት ክብደት ማካፈል ይገባል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ይጠባል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። የሆርሞን ለውጥ፣ የነርቭ ሥርዓት ብስለትና የሥልጠና ዘመን የየራሳቸው ድርሻ አላቸውና።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በታዳጊዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ወንዶች ልጆች በቁመት እጅግ ፈጥነው የሚያድጉት በአማካይ በ14 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የጡንቻ ጥንካሬ ዘግየት ብሎ ይከተላል። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ይጎረምሳል። እንግዲህ እኩዮችን በጥንካሬ ብቻ አወዳድረን ደካማውን ብናሰናብት፣ የሸኘነው ተሰጥኦ የጎደለውን ሳይሆን ጊዜው ያልደረሰውን ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም አሠልጣኞች ከጥንካሬው ጎን ለጎን ቁመትንና ክብደትን በየጥቂት ወሩ እንዲመዘግቡ፣ ታዳጊውንም ከአዋቂው ወይም ከእኩያው አስቀድመው ከራሱ የቀድሞ ልኬት ጋር እንዲያነጻጽሩ አደራ እላለሁ።