የእህል ጭነትና የሹፌሩ አደራ

ሰበታ ላይ ለተሰበሰቡ የዕርዳታ እህል አጓጓዥ ሹፌሮችና ረዳቶች ከተደረገ ንግግር



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሰባስባችኋል። እነዚህ ሦስት ከተሞች የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ብቻ ሳይሆኑ የሦስት ታላላቅ መንገዶች በሮች ናቸው። ሰበታን ያለፈ መኪና ወሊሶን አቋርጦ ወደ ጅማ ይዘልቃል። ቡራዩን ያለፈ በአምቦና በነቀምት በኩል ወደ አሶሳ ያመራል። ሱሉልታን ያለፈ ጎሐ ጽዮን ደርሶ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከወደብ መጥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው ጭነት ግን ዛሬም መውጫው በእነርሱ በኩል ነው።

ስለ ድርቅ ሲነገር በመጀመሪያ የሚወሳው የዝናብ መቅረት ነው። ያለፈው ታሪካችን የሚያስተምረን ግን እህል ተገኝቶም ሰው በረሃብ ሊያልቅ እንደሚችል ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተላከ እህል በአሰብ ወደብ ተከምሮ ሳለ ኮረም ላይ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። በሁለቱ መካከል የጎደለው የጭነት መኪና፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅና ሰላም ያለው መንገድ ነበር። በዚያ ጊዜ ኤንትሬና ተሳቢ ይዘው የአፋርን ቆላ እያቋረጡ ወደ ኮምቦልቻ የወጡ ሹፌሮች ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ሆኖም ያተረፉት ሕይወት ብዙ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የጭነት መኪና ሁልጊዜ ተስፋ ይዞ አልመጣም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል እንዲሰፍር ተደርጓል። ብዙዎች ፈቅደው አልሄዱም። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለየበት ጊዜ ነበር፤ በጉዞና በሰፈራው ቦታ በወባና በሌላ በሽታ ያለቀውም ብዙ ነው። ወደነዚያ አገሮች በየብስ የሚያደርሱት መንገዶች እነዚሁ የእናንተ መንገዶች ናቸው። ሰው እንደ ኩንታል በቁጥር ብቻ ተጭኖ ሲሄድ የሚደርሰውን ጉዳት ከዚያ ዘመን ልንማር ይገባናል።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ ልመለስ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሰበታ ድረስ ተዘርግቷል። ባቡር ግን የተራበው ሰው ቀበሌ ድረስ አይወጣም፤ የመጨረሻው መንገድ የመኪና ነው። አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ይጭናል እንበል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደልበት ስሌት፣ ይህ ከ2,600 ለሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ቢጎድል የሦስት ሰዎች ወር ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ በሰነድ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ ግን ትንሽ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. የዕርዳታ እህል ለታለመለት ሕዝብ አልደረሰም በሚል ምክንያት የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የምግብ ዕርዳታቸውን በመላ አገሪቱ አቋርጠው ነበር። ጥፋቱን የሠሩት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ለወራት ባዶ እጁን የተቀመጠው ግን ምንም ያላጠፋው ተረጂ ነው። ስለዚህ ሚዛን ሲመዘን ቁሙ፤ ሲጫንም ሲራገፍም ከረጢቱን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ሸራውን አጥብቁ፤ የርክክብ ሰነዱ ላይ ያልተረከባችሁትን አትፈርሙ። የተቀደደ ወይም የረጠበ ከረጢት ካለ በዚያው ሰዓት አስመዝግቡ።

አደራ ግን ከአንድ ወገን ብቻ አይጠየቅም። አንድ የማከፋፈያ ቦታ ላይ፣ የሚረከብ ሰው ጠፍቶ አራት ቀን ሙሉ ጭነቱን ሲጠብቁ የቆዩ ሹፌርና ረዳት አግኝቻለሁ። አበላቸው አልቆ፣ ከኋላቸው የተጫነውን እህል ሳይነኩ በብድር ሽሮ ይበሉ ነበር። ሹፌሩ፣ «ጌታዬ፣ እኛስ ለማን እናመልክት?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጥቼ አፍሬ ተለየኋቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ታማኝ ሁን ብሎ መምከር የሚቻለው አስቀድሞ አበሉን በወቅቱ ከፍሎ፣ ተረካቢውን በቦታው አቁሞ ነው።

ደኅንነታችሁም እንደዚሁ ነው። በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአስመራ ወደ መቀሌ እህል ይዘው የሚጓዙ ከ20 በላይ መኪናዎች ተቃጥለው አንድ ሹፌር ተገድሏል። በ2014 ዓ.ም. ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ይሠሩ የነበሩ ከ70 የሚበልጡ ሹፌሮች ሰመራ ላይ ታስረው ነበር። እህል የጫነ ሹፌር የማንም ጠላት አለመሆኑን ሁሉም ወገን ሊቀበል ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እኛ በቢሮ ተቀምጠን ሪፖርት ስንጠብቅ፣ እናንተ የደረቀውን ማሳና መንገድ ዳር የወጣውን ቤተሰብ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እህሉን አውርዳችሁ ስትመለሱ መኪናው ባዶ ይሁን፤ እናንተ ግን ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ንገሩን። እኛም የምንሰማ እንሁን።

መልካም መንገድ ይግጠማችሁ።