ሕፃን ልጅ ማቆያ ከመግባቱ በፊት ስለሚደረግ የቤት ውስጥ ዝግጅት



ሕፃን ልጅ ወደ ማቆያ ወይም ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባበት ቀን ሲቃረብ በመቐለ ቤቶች የሚደረገው ሽር ጉድ የታወቀ ነው። ቦርሳ ይገዛል፤ ልብስ ይሰፋል፤ የምሳ ዕቃ ይዘጋጃል፤ አንዳንዱም ወላጅ ፊደል ማስቆጠር ይጀምራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በመጀመሪያው ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚያስጨንቀው ጉዳይ «እናቴ ተመልሳ ትመጣለችን?» የሚለው ነው። የቤት ውስጥ ዝግጅትም ከሁሉ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባዋል።

ከወላጅ የመለየት ፍርሃት ብዙዎች እንደሚያስቡት የመቀማጠል ውጤት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በ8ኛው ወር ገደማ ብቅ የሚል የተፈጥሮ እድገት ምልክት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው ዕረፍት 90 ቀን ነው። ስለዚህ በአራት ወሩ ማቆያ ገብቶ ዝም ይል የነበረ ሕፃን በዘጠኝ ወሩ ማልቀስ ቢጀምር፣ ሞግዚቲቱን ከመውቀስ በፊት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሜሪ ኤይንስዎርዝ የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በኡጋንዳ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር ተመልክታ፣ ውጤቱን በ1967 በመጽሐፍ አሳትማለች። ሕፃኑ ከእናቱ እየራቀ አካባቢውን ለመመርመር የሚደፍረው መመለሻ እንዳለው ሲተማመን መሆኑን ይህ ጥናት አሳይቷል።

በመቐለ ይህ መተማመን በብርቱ ተፈትኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ስለ ተጀመረ፣ መደበኛ ሥራቸውን እንደገና መጀመር የቻሉት በ2015 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በከተማይቱ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በአየር ጥቃት ተመትቶ ሕፃናት መሞታቸውን ዩኒሴፍ በወቅቱ አስታውቋል። ስለሆነም የልጅዋን እጅ በር ላይ መልቀቅ ያቃታት እናት ልትገሠጽ አይገባም። ነገር ግን ሕፃን የወላጁን ፊት ያነባል፤ የእናት ፍርሃት ካልቀለለ የልጅ ፍርሃት አይቀልም። ወላጅ አስቀድሞ ግቢውን ቢጎበኝ፣ ተንከባካቢዋን በስም ቢያውቅ፣ አደጋ ቢደርስ ልጆቹ ወዴት እንደሚወሰዱና ማን እንደሚረከባቸው ቢጠይቅ፣ ይህም የዝግጅቱ አንድ ክፍል ነው።

ለልጁ የሚደረገው ዝግጅት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጎረቤት የሚጠራራበት የቡና ሰዓት ራሱ ጥሩ መለማመጃ ነው። ልጁ መጀመሪያ አንድ ጀበና እስኪፈላ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ጋር ይቆይ፤ ከዚያ እስከ ምሳ፤ ከዚያም እስከ ከሰዓት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ነው። ዋናው ቁም ነገር እናት ስትሄድ ተሰናብታ እንድትሄድ፣ በተናገረችውም ጊዜ እንድትመለስ ነው። ልጁ ሰዓት ስለማያውቅ «በዘጠኝ ሰዓት» ከማለት ይልቅ «ምሳ በልተህ ከተኛህ በኋላ» ቢባል ይገባዋል። «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ተደብቆ መጥፋት ግን የዕለቱን ለቅሶ ቢያስቀር፣ የነገውን ያብሳል፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ልጅ ከዚያ ወዲያ የእናቱን ቀሚስ አይለቅም።

«ካልበላህ ለመምህርትህ እነግርብሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያም ሊቀር ይገባል። ዛሬ ማስፈራሪያ የተደረገችው ሴት ነገ ልጁን የምታባብለው እርስዋ ናትና። ልጁ በእጁ መጉረስን፣ ሱሪውን ዝቅና ከፍ ማድረግን፣ ችግሩን በቃል መናገርን ቢለማመድ በማቆያው አይሸማቀቅም። በቤቱ ትግርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሲጠማው «ማይ»፣ ሲቸኩል «ሽንቲ» ይላል፤ በቤቱ አማርኛ የሚነገርለትም የራሱ ቃል አለው። እነዚህን ጥቂት ቃላት ወላጅ ለተንከባካቢዋ ቢያስረዳ ልጁ ከብዙ ኀፍረት ይድናል። በጀርባ ታዝሎ መተኛት ለለመደ ሕፃንም ብቻውን ፍራሽ ላይ መተኛት ከባድ ነውና፣ ይህን ልማድ ከሳምንታት በፊት መጀመር ይበጃል።

የሙያ ባልደረቦችም ድርሻ አላቸው። ምክሩ በምዝገባ ዕለት እንጂ በለቅሶው ጠዋት ሊሰጥ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወላጅ ገብቶ ጥቂት እንዲቀመጥ መፍቀድ፣ ቆይታውን እንደ ልጁ አቅም ማራዘም፣ የተነገረው የመውሰጃ ሰዓት እንዲከበር ወላጅን ማሳሰብ ያስፈልጋል። ልጅ በር ላይ ማልቀሱ ብቻ አልተዘጋጀም አያሰኝም። የዝግጅቱ ፍሬ የሚታየው ካለቀሰ በኋላ በአዲሲቱ ሰው እቅፍ ሲጽናና፣ እናቱ በተባለው ጊዜ ስትመጣም ወደ እርስዋ ሲሮጥ ነው። ብዙ ሰው ወጥቶ በቀረባት ከተማ፣ «እመለሳለሁ» ብሎ መመለስ ለሕፃን የሚሰጥ ትልቅ ስንቅ ነው።