ያለጊዜው የተወለደ ሕፃንና የእናቱ ልብ

 

በቅርቡ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የገርጂ አባወራ ወደ እኛ መጣ። ባለቤቱ በሰባት ወሯ ወልዳ ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንቷ ነው። ሕፃኑን የምታቅፈውም የምታለብሰውም አማቷ ናት። እናቲቱ «እኔ ከነካሁት ይሞትብኛል» ትላለች። እኛም «ሰብር አድርጉ፣ ዱዓ እናደርጋለን» ብለን ሸኘነው። ዱዓው ተገቢ ነበር፤ መልሳችን ግን ጎደሎ ነበር። ምን እንደከበዳት አልጠየቅንም።

ሐኪሞች ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደን ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይሉታል። እናቱ ብዙ ጊዜ የምታየው በማሞቂያ ውስጥ፣ በነርሶች እጅ ስለሆነ የራሷን እጅ ማመን ይከብዳታል። ይህንን ለመለካት ባርንስና አዳምሰን-ማሴዶ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር 20 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅተው በ2007 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እናቲቱ ልጇን መመገብ፣ ማባበል፣ ምልክቱን መረዳት እንደምትችል ምን ያህል እንደምታምን በ4 ደረጃ ትመልሳለች።

ወገኖቻችን፣ ይህ ፈተና አይደለም፤ ኢማንንም ሆነ የእናትን ፍቅር አይለካም። ዝቅ ያለ ውጤት «እዚህ ላይ እርዷት» ማለት ነው። ከፍ ያለውም ሐኪምን አይተካም፤ ሕፃኑ አልጠባም ካለ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ።

እጅ የሚለምደው በመሥራት ነው። ሕፃኑን በደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ተጀመረ። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጥናትም ቶሎ በታቀፉት ሕፃናት ላይ ሞት ቀንሶ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ ብሏል። አባትም ማቀፍ ይችላል።

ዑለማዎቻችን የቁርኣንን አንቀጾች አገናዝበው የእርግዝናን ትንሹን ጊዜ 6 ወር ብለዋል። ስለዚህ በሰባት ወሩ የመጣው ልጅ ሙሉ ሐቅ አለው። የሙሳ (ዐ.ሰ.) እናትም ልቧ ያረፈው ልጇ ወደ እቅፏ ሲመለስ እንደነበር ሱረቱል ቀሶስ ያስተምረናል።

ያንን አባወራ ዳግም አስጠርተን ይህንኑ ነገርነው። እናንተም «ሕፃኑ ስንት ኪሎ ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «አንቺስ የትኛው ከበደሽ?» በሏት። አማት ድስቱን ትያዝላት፤ ልጁን ለእናቱ ትስጥ።

አላህ ልጆቻችንን ያሳድግልን።